ያልሠለጠነ እጅ

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚይዝሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም አብሮሽ አለ? የምትሠሪበት ልብስ ስፌት ቤትስ እንዴት ነው? ደብዳቤ ሲጻፍ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ይባላል። እኔ ከናፍቆትሽ ሌላም የከበደኝ ነገር ስላለ በዚያ አልጀምርም። አባባ ግን ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሬዲዮኑን በግራ እጁ ይከፍትና ዜናው ሲሰለቸው ያጠፋዋል። አክስታችንም ያው ናት፤ ጉልበቴን ጉልበቴን እያለች ከሁላችን ቀድማ ትነሳለች።

አራት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልሽም። አንቺም አልጻፍሽልኝም፤ ግን ያንቺ ዝምታና የእኔ ዝምታ አንድ አይደለም። ይህንን የተረዳሁት በቅርቡ ነው፤ ያስረዳኝም ሥራዬ ነው ብልሽ ትስቂ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የእኛ የስፖርት ሳይንስ ዲግሪ ይከለስ ብሎ ወሰነ። ተመራቂዎቻችሁ ሥራ አያገኙም፣ ስለዚህ ቀጣሪው ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ተጠይቆ ትምህርቱ በዚያ ይቃና ተባልን። ታውቂኝ የለ? ደሜ ፈላ። በስብሰባው መሀል ተነስቼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሥራ ደላላ አይደለም፣ እኛ ሰው እንቀርጻለን እንጂ ተቀጣሪ አናመርትም ብዬ ደነፋሁ። ጥቂቶች አጨበጨቡልኝ። ዲናችን ግን ረጋ ያለች ሴት ናት፤ አስጨርሳኝ ስታበቃ፣ እሺ መምህር፣ የቀረጿቸው ሰዎች አሁን የት እንዳሉ ደውለው ይጠይቁልን ብላ የአርባ ተመራቂ ስልክ ቁጥር የሰፈረበት ወረቀት ሰጠችኝ። 

ደወልኩ። አርባዎቹም የእኔ ተማሪዎች ነበሩ። አንዱ ታክሲ ይነዳል። አንዷ የእህቷ ሱቅ ውስጥ ትቆማለች። ሁለቱ ባንክ በር ላይ ጥበቃ ናቸው፤ አንደኛው እንዲያውም፣ መምህር፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ መዋል ያስለመዱን እዚህ ጠቅሞኛል ብሎ ቀለደብኝ። ሳቅኩለት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ቁጥር መደወል አቃተኝ። በተማሩበት ሙያ የሚሠሩት ስድስት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከስድስቱም አራቱ ሥራውን ያገኙት ሌላ ቦታ እንደገና ተምረው ነው። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። የጦር ውርወራን ደረጃዎች፣ የመረብ ኳስ ሜዳን ርዝመትና ስፋት ዛሬም ከእንቅልፋቸው ብትቀሰቅሻቸው ይነግሩሻል። የጂም ባለቤት፣ ወገቡን የሚያመውን ደንበኛ ምን ታሠራዋለህ ብሎ ሲጠይቃቸው ነው ዝም የሚሉት። መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር፤ ከየት አምጥቼ ላስተምራቸው?

በሙያቸው ከሚሠሩት አንዷ ኤሊ ናት። ይህን ስም ያወጣሁላት እኔው ነኝ። ሩጫ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ ስለምትደርስ፣ ኤሊ ገባች ወይስ ገና ናት እያልኩ ክፍሉን አስቅባት ነበር። ለጥቂት ነው ያልጣልኳት። አሁን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንቅስቃሴ የምታሠራ ባለሙያ ናት። ስደውልላት፣ በስልክ ከምነግርዎት መጥተው ቢያዩት ይሻላል አለችኝ። ሄድኩ።

ረጅም ኮሪደር ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ ወገብ ላይ የሚደርስ የእንጨት መደገፊያ አለው፤ ወለሉ ላይ የእርምጃ ልክ በቀለም ተሰምሯል። እዚያ ቤት የሚቸኩል ሰው አላየሁም። ኤሊ አንድ አዲስ ረዳት እያሠለጠነች ነበርና፣ መምህር፣ እስቲ እርስዎ ሕመምተኛ ይሁኑልን፣ ቀኝ ጎንዎ አይታዘዝም ብላ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ቀኝ እጄን አልነካችውም። ጉልበቷን ወደ ጉልበቴ አስጠግታ፣ መዳፏን ከጀርባዬ ከትከሻዬ አጥንት ሥር አድርጋ፣ በሉ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ አለችኝ። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ። ከዚያ ወደ ረዳቷ ዞራ፣ የደከመውን እጅ ይዞ መጎተት በፍጹም ክልክል ነው፣ ጡንቻው ስለማይዘው ትከሻው ከቦታው ይወጣል ብላ አስረዳቻት። እኔ ተመልሼ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያዞረኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

እህቴ፣ እንግዲህ ልንገርሽ።

አባባ በስትሮክ በወደቀ በሦስተኛው ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አንቺ መድኃኒት ልትገዢ ወጣሽ። እኔ አጠገቡ ቀረሁ። በየቀኑ በትራስ እየደገፍሽ፣ እያባበልሽ፣ ቀስ እያልሽ ስታነሺው ሳይ ያበሽቀኝ ነበር። ጡንቻ በልመና አይጠነክርም እልሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያን ቀን ከሥራ እንደመጣሁ ነበር፤ ፊሽካዬን እንኳ ከአንገቴ አላወለቅኩም። ቀኝ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ ልክ ተማሪ እንደማሠራ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ሳብኩት። የሆነ ነገር ቋ አለ። አባባ ጮኸ። አንደበቱ ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም። መልሼ አስተኛሁት፣ ብርድ ልብሱን አለበስኩት፤ አንቺ ስትገቢ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር።

ሐኪሙ ትከሻው ወልቋል፣ እጁ ተጎትቶ ነው አለ። በየቀኑ የሚያነሳው ማን ነው ብሎም ጠየቀ። አክስታችንም አጎታችንም ወደ አንቺ ዞሩ። አባባ ግን ግራ እጁን አንስቶ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ፣ ሁለት ዲግሪ ያለኝ ሰው፣ ቶሎ ብዬ ተረጎምኩለት። ከእንግዲህ አንተ አንሳኝ ማለቱ ነው አልኩ። አመኑኝ። በዚያም አላበቃሁም፤ ቀስ በዪ ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያት ነበር አልኩ። አክስታችን ያን ዕለት ያወረደችብሽን፣ አጎታችን ከዚህ ቤት ትውጣልኝ ያለውን፣ እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ። አንቺ አንድ ቃል አልመለስሽም። በሳምንቱ ልብስሽን ሸክፈሽ ስትሄጂ፣ ጥፋቷን ብታውቅ ነው ዝም ያለችው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ታዲያ ያኔ አላወቅክም ወይ ብትዪኝ ምን እመልስልሻለሁ? ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን የተማረ እጅ ሰው አይጎዳም ብዬ ማመን ፈለግኩ፤ ያልተማረ እጅ ደግሞ ያንቺ ነበረ። ትምህርትሽን ያቋረጥሽው እሱን ልታስታምሚ መሆኑ እንኳ ትዝ አላለኝም። አፈርኩ ብል ትንሽ ነው። አንዳንዴ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ድንገት ፊትሽ ይመጣብኝና የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር እረሳዋለሁ።

በኋላ የክለሳው ኮሚቴ ለአረጋውያንና ለሕሙማን የሚሰጥ የእንቅስቃሴ ትምህርት እንዲጨመር ወሰነ፤ ጽሑፉን እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ፤ ኤሊም ከቀጣሪዎች ወገን ተወክላ እንድታርመኝ ተመደበች። አየሽ፣ ጊዜ እንዲህ ነው። መግቢያው ላይ እውነተኛ ምሳሌ ይኑር ስለተባለ፣ አንድ ሕመምተኛ ባልሠለጠነ የቤተሰብ አባል እጅ ተጎትቶ ትከሻው ወልቋል ብዬ ጻፍኩ። ኤሊ አነበበችና፣ ያልሠለጠነው ማን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ክፋት አስባ አይደለም፤ ተማሪው ምን የጎደለው ሰው እንዳጠፋ ማወቅ አለበት ብላ ነው። ሴት ልጁ ናት ልል አፌን ከፈትኩ። ከአራት ዓመት በኋላም፣ ሁሉን ከተረዳሁ በኋላም፣ አፌ የቀደመኝ ወደዚያው ነው። አልወጣልኝም። ወረቀቱን ተቀብዬ ባልሠለጠነ የቤተሰብ አባል እጅ የሚለውን ሰረዝኩና፣ በአንድ የስፖርት ሳይንስ መምህር እጅ ብዬ ከላዩ ጻፍኩበት። ኤሊ አነበበችው። ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እንዲህ ከሆነ ትምህርቱ ለመምህራንም ይሰጥ አለች፤ እሱም ተጨመረ። በሚመጣው ሴሚስተር የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ያነቡታል። ማን ነው ብለው ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ።

ከእነሱ በፊት ግን የቤት ሰው መስማት ነበረበት። ባለፈው እሑድ አክስታችንንና አጎታችንን አባባ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ፣ አሁን የጻፍኩልሽን ሁሉ ነገርኳቸው። አጎታችን ተነስቶ ወጣ፤ ኮፍያውን እንኳ ረስቶት ሄደ። አድራሻሽን ፈልጎ ራሱ ሊጽፍልሽ እንደሆነ ትናንት ሰማሁ። አባባ ግራ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። ይቅር ማለቱ ይሁን፣ አሁንስ ዝም በል ማለቱ ይሁን አላውቅም። የእሱን እጅ መተርጎም ትቻለሁ።

አክስታችን አለቀሰች፣ ራሷን ረገመች፣ እኔንም የሚገባኝን ያህል ሰደበችኝ። ሲወጣላት ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። የሄድሽ ዕለት በሩ ላይ እጇን ይዘሽ፣ ጋሼ አባባን ስፖርት ሲያሠራው ብቻውን አትተዪው፣ ይደክመዋልና ከአጠገቡ አትጥፊ ብለሽ አስምለሻት ነበር አሉ። ለታላቅ ወንድሟ እንዴት ታስባለች ብላ ተገርማ ነበር። ቃሏንም ጠብቃለች። አራት ዓመት ሙሉ እኔ አባባ ክፍል በገባሁ ቁጥር የሹራብ ሥራዋን ይዛ ትከተለኝና እስክወጣ ከጥግ አትነሳም ነበር። እኔ እኮ ጨዋታዬን ወዳው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አንቺ ያኔውኑ አውቀሽ አባባን ከእኔ እጅ እያስጠበቅሽው ኖሯል።

ነይ አልልሽም፤ ቤቱ ቤትሽ ነው፤ ሰው ወደ ቤቱ በግብዣ አይመጣም። አባባን አሁን ኤሊ እንዳሳየችኝ አድርጌ ነው የማነሳው፤ ቀስ ብዬ፣ እያባበልኩ። ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ እጆችሽን ይባርክልኝ፣ ያስለቀስኩሽን በደስታ ይካስልኝ።

ጋሼ እያልሽ ያከበርሽኝ
ወንድምሽ