የሰው ዕቃ ላይ የቀረጽኩት ቁጥር

ማክሰኞ

እጄን አሁንም ይነዝረኛል። ቀኑን ሙሉ ብረትና ፕላስቲክ ስፈለፍል ነው የዋልኩት። ለእኔ ለንብረት ክፍል ሠራተኛዋ የተሰጠኝ እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ፣ ጫፉ ሹል የሆነ የኤሌክትሪክ መቅረጫ ነው። የጤና ጣቢያችን ዕቃ ሁሉ የንብረት ቁጥሩ እንዲቀረጽበት ታዟል። በቀለም ስንጽፍ ቁጥሩ እየተፋቀ ስንቱ ወንበር ወጥቶ ቀረ! ከእንግዲህ ይሞክሩኛ። ዘበኛችን ጋሽ ሙላትንም ቁጥር ያለው ዕቃ ያለ ንብረት ኮሚቴው ፈቃድ ከበር እንዳይወጣ ብዬ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

የታማሚዎቹን ክፍሎች ጨረስኩ። ቢቸና ውስጥ እንደኔ ቀጥ አድርጎ የሚቀርጽ ካለ ይምጣ።

ረቡዕ

ጉድ ሆኛለሁ።

ሐጂ ኢብራሂም የሚባሉ የሞጣ ሽማግሌ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ታመው እኛ ጋ ተኝተዋል። አልጋቸው አጠገብ ያለው የኦክስጅን ማሽን የእኛው ተጠግኖ የመጣ መስሎኝ ቁጥር ቀርጬበታለሁ። ለካ የራሳቸው ነው! ልጆቻቸው አዋጥተው የገዙላቸው። ሰውየው እንቅልፍ ላይ ነበሩ፣ እኔም ማንንም አልጠየቅኩ። ቁጥር የሌለው ሁሉ የእኛ፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ችኩል ፍጥረት!

ልጃቸው ዘሃራ ቢሮዬ መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እታለም፣ ዓርብ ጠዋት አምቡላንሱ ወደ ሞጣ ይወስዳቸዋል። ማሽኑ ግን ቁጥር ስላለበት ከበር አይወጣም ተባልኩ። መንገዱን በኦክስጅን ሲሊንደር ይደርሳሉ። ቤት ሲገቡስ በምን ይተንፍሱ?"

ሐኪሙን ጠየቅኩት። ያለ ማሽኑ አንድ ሌሊት አይዘልቁም አለ። የሚዋስ እንኳ የለም፤ የእኛው ከተበላሸ ሰንብቷል።

ሐሙስ

ሥራ አስኪያጁ ደብረ ማርቆስ ስብሰባ ላይ ነው። ደጋግሜ ደውዬ አገኘሁት። "ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል አይደል? እንግዲያው የመንግሥት ነው። ሰኞ ኮሚቴው ይየው" አለና ዘጋው። ሰኞ! ከኮሚቴው እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ አብረውት ሄደዋል።

ምን ላድርግ?

ሞርጄ ላጥፋው? የመንግሥት ቁጥር ማጥፋት ያስጠይቃል፤ ይህን ማስታወቂያ በየክፍሉ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ።

እስከ ሰኞ ይቆዩ? አልጋው ለሌላ ታማሚ ተይዟል። አምቡላንሱም ከነገ በኋላ መቼ ወደዚያ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም።

ዝም ልበል? ይህንንም አሰብኩት፣ አልዋሽም። እንዲያውም ለመንግሥት አንድ ዕቃ ጨምሬ የለ።

ከሰዓት ሐጂን ይቅርታ ልጠይቅ ገባሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ልጄ... ሥራ... በዝቶብሽ ነው" አሉኝ፣ በየቃሉ ትንፋሽ እየሳቡ። መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት አለቀስኩ።

ዓርብ

አደረግኩት።

አምቡላንሱ ሳይመጣ ማሽኑን አዙሬ ቁጥሩን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። አላጠፋሁትም፣ ይነበባል። ከሥሩ "በስህተት የተቀረጸ። የግል ንብረት" ብዬ ስሜን ከነአባቴ ቀረጽኩ። ፊደሉ ተንጋደደ።

ማሽኑን ይዤ በር ስደርስ ጋሽ ሙላት በሩን ዘግተው ቆሙ። "አንቺው አይደለሽ ያዘዝሽኝ? ቁጥር አለበት እኮ!"

"ነው ጋሼ፣ አለበት። ከሥሩ ያለውን ያንብቡት።"

መነጽራቸውን ፈልገው፣ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጭምር ዳሰሱት። ዘሃራ አምቡላንሱ ውስጥ የአባቷን እጅ ይዛ ታየናለች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

"ኧረ ተይ! ምነው በወረቀት ብትፈርሚ? ይኼ እኮ አይለቅም" አሉኝ።

"የወረቀቱ ፈቃድ የኮሚቴው ነው። የእኔ የምለው ስሜ ብቻ ነው።"

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" ብለው በሩን ከፈቱት። እኔም እዚያው የእሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ

ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም። "የገዛ እንጀራሽን ነው የገፋሽው። ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ትቀርቢያለሽ" አለኝ።

ከሞጣ ወሬ የለም። የዘሃራ ስልክ ጥሪ አይቀበልም ይላል። መንገዱ አንገጫግጮት ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን? እኔስ ስቀርጽ ውስጡን ነክቼው ቢሆን? ምሳ ቀርቦልኝ አልበላሁም።

እሑድ

ዘሃራ ደወለች! ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነው። ልሰድባት ቃጣኝ።

"እንዴት ናቸው?" አልኩ፣ ሰላምታም ሳልሰጥ።

"ቤቱን ጠያቂ ሞልቶታል። አባቴ ኑ ብሉ እያሉ ሰውን ያስቸግራሉ፣ እሳቸው ግን ሾርባ ብቻ ነው የቀመሱት" አለች።

ሾርባ ቀምሰዋል። እንደ እብድ ብቻዬን ሳቅኩ።

ነገ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። ሥራዬ ቢሄድ ልጆቼን በምን እንደማሳድግም አላውቅም፤ ፈርቻለሁ። ዘሃራ ስታወራ ግን ከጀርባዋ ያ ማሽን ይሰማ ነበር። ስንብቱን ጨርሳም እስክትዘጋው ድረስ ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም።