ሞናካን ምረጡ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አይደለም። ትምህርት ቤት መተው ሌላ፣ ሁሉን ነገር መተው ሌላ። "አንቺ መጀመር እንጂ መጨረስ የት ታውቂያለሽ" ይለኛል። ደሞ በጣቱ እየቆጠረ... ፒያኖ፣ መረብ ኳስ፣ ትምህርት ቤት። ፒያኖ ስተው ስድስት ዓመቴ ነበር እኮ አባባ። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ይጨርሳል? ሩዙን እንኳን አይጨርስም።

ይሄ መልስ የመጣልኝ እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ያናድዳል። ስኩዊድ የሚባለው ባለ ብዙ እግር የባሕር እንስሳ የሚጠመድበት ወቅት ስለሆነ ጀልባው ሲመሽ ይወጣል፣ ረፈድ ሲል ይመለሳል፣ ባሕር ላይ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ለወረቀት ነገርኩት።

ኮረብታው ላይ፣ መካነ አራዊቱ ውስጥ፣ ሥራ ያው ነው። የአጋዘኖቹን ግቢ ጠረግኩ። የሚሽከረከሩትን የእንጨት ፈረሶች ወለወልኩ። ታኑኪዋን ሞናካን፣ ያቺን ድብልብል ውሻ መሳይ አውሬ፣ አበላሁ፤ ፖሙን በላች፣ ካሮቱን በአፍንጫዋ ገፋችው። ተንከባካቢዋ እትዬ ሚዩኪ ልትወልድ ዕረፍት ወጥታለች፣ እስክትመለስ ድረስ ታኑኪዋ የኔ ናት።

አንዱ ጎረምሳ አጥሩ ጋ ቆሞ ለሴት ጓደኛው፣ "ይቺማ ቤታችን ጀርባ ቆሻሻ የምትበረብረው ናት። ነይ ፔንግዊን እንይ" አላት። ሞናካ ሰምታዋለች። ጀርባዋን ሰጠችው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የዘንድሮው የእንስሳት ምርጫ ተጀመረ። ጎብኚው የሚወደውን እንስሳ ስም በእጁ ይጽፋል፣ ኮሮጆ ውስጥ ይከታል። አንድ ትኬት፣ አንድ ድምፅ። በየዓመቱ ካፒባራው፣ ያ በግ የሚያክል የውሃ አይጥ፣ አንደኛ፣ ሞናካ መጨረሻ። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ኢሶቤ "ለሞናካ ማን ይቀሰቅስላት?" ብለው ጠየቁ። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ።

"እኔ" አልኩ።

የቀይ ፓንዳው ተንከባካቢ ኩሮዳ ሳቀ። "ለምን ትደክሚያለሽ ናጊሳ? ታኑኪ ለማየት እኮ ትኬት አያስፈልግም፣ መስኮት ነው የሚያስፈልገው።"

"ያንተን ፓንዳ ሪንታሮን ለማየትስ ምን ያስፈልጋል? ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ትራስ ነው የሚመስለው።"

ከስብሰባው በኋላ ወይዘሮ ኢሶቤ ለብቻዬ ጠሩኝ። የባልዲው ጉዳይ መስሎኝ ነበር (ባለፈው ወር ተናድጄ በእግሬ የመታሁት)። አይደለም። ከሚያዝያ ጀምሮ አንድ ሠልጣኝ ተንከባካቢ ይቀጥራሉ። "አንቺን አስቤ ነበር" አሉ። እኔን! ግን አሥራ ስምንት ስላልሞላኝ አባባ መፈረም አለበት።

ወደ ቤት ስወርድ ቁልቁለቱን በሩጫ ነው የጨረስኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

"አልፈርምም" አለ። መረቡን እየጠገነ፣ ቀና እንኳን ሳይል።

"ለምን?"

"በሦስት ወር ትተይዋለሽ። ከዛ ሰዎቹ ፊት እኔ ነኝ የማፍረው።"

ምን ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም። ጎረቤቶች መስኮት ዘጉ። አባባ መረቡን አስቀመጠና መጨረሻ ላይ፣ "እሺ። ያቺን ታኑኪሽን ሦስተኛ ካወጣሻት እፈርማለሁ። ካልወጣች ሚያዝያ ላይ ትምህርት ሲጀመር ትመለሻለሽ፣ ሁለተኛ ጭቅጭቅ የለም" አለ።

"ሦስተኛ ብቻ? እሺ" አልኩት።

ሦስተኛ ብቻ... አንቺ አፍ፣ ማን ተናገሪ አለሽ? ከአሥራ ሁለት እንስሳ አሥራ ሁለተኛ ናት እኮ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

እንደ ከተማው ምክር ቤት እጩዎች ነጭ ጓንት አጠለቅኩ። ስሟ የተጻፈበትን ጨርቅ ከትከሻ እስከ ወገብ አሰርኩ። ድምፅ ማጉያ ይዤ "ሞናካ፣ ሞናካ፣ ሞናካን አትርሱ" እያልኩ ዋልኩ። ድምፄ ጠፍቷል።

አንዲት አሮጊት ቆመው አይተዋት አይተዋት፣ "ልጄ፣ ይቺ የጎመን ማሳዬን የጨረሰችው ናት። እሷን ነው የምመርጥልሽ?" አሉ።

"እማማ፣ እሷ ዘመዷ ናት። ሞናካ ከዚህ ግቢ ወጥታ አታውቅም።"

"መልኳ ያው ነው።"

"የርስዎ ዘመዶችስ እርስዎን ይመስሉ የለ? ሁሉም እንደ እርስዎ ጨዋ ናቸው?"

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። ግን ካፒባራውን መረጡ። ሲጽፉ አይቻለሁ። እሺ፣ ማየት አልነበረብኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ኩሮዳ ላይ ውሃ ደፋሁ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ብዙ አልጎነበስኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

የእስከ ዛሬው ውጤት ተለጠፈ። ሞናካ አሥራ ሁለተኛ። ከጃርቱ በታች! ጃርቱ እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ መኖሩን እንኳን ያየ የለም።

ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ተናደድኩ። ያኔ ነው ባልና ሚስቱ የመጡት። ከማሌዥያ ናቸው፣ በስልካቸው እያስተረጎሙ ነው የሚያወሩት። ሞናካ ፊት ቆሙ፣ አይሄዱም። ሚስትየዋ ስልኳን ጠጋ አደረገችልኝ። "ውሻ ናት ወይስ ድብ?"

"ታኑኪ ናት" አልኩ። "ማንንም አትመስልም።"

በየሄዱበት አገር መካነ አራዊትና መዝናኛ መናፈሻ ሳያዩ አይመለሱም። ባልየው ስልኩን አናገረው፣ ስልኩ ደሞ በዛ በደረቀ ድምፁ አነበበልኝ፦ "ከባንኮክ እስከ ጃካርታ ዞረናል። አንበሳ ሁሉም ጋ አለ። ካፒባራ ሁሉም ጋ አለ። ይቺን የትም አላየንም። እናንተ እንዴት ታድላችኋል።"

እኛ? ታደልን?

ሞናካን አየኋት። ወገቧን ታካለች። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ዓይኗ ዙሪያ ጥላሸት የቀቧት ይመስላል። እውነትም እኮ... ሌላ የት አለች?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

እስከ ዛሬ አጥሩ ላይ የለጠፍኩትን ፖስተር ቀደድኩት። አዲሱ እንዲህ ይላል፦ "ሰው ባሕር ተሻግሮ ያያታል። አንተ ቤትህ ጀርባ እያደረች ሰላም ብለሃታል?"

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ልጆች ከበውት ፎቶ ያነሱ ነበር። ሁለቱ የድሮ ክፍሌ ልጆች ናቸው። አንዷ "ናጊሳ፣ አንቺ ነሽ የጻፍሽው? አፍሽን ነው የሚመስለው" አለችኝ። ስድብ መሰለኝ። ኋላ ሳስበው አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሰባተኛ!

እሑድ፣ ጥቅምት 23

የመጨረሻው ቀን። ጠዋት ትልቅ የቱሪስት መርከብ ወደብ ገባ። ከታይላንድ፣ ከታይዋን፣ ከየትም... ኮረብታው ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በነጩ ጓንት ወደ ሞናካ አመለክታለሁ። አፌ አልተዘጋም። ያልገባቸውም ሳቁ።

ችግር ተፈጠረ። በኛ ፊደል መጻፍ አይችሉም። "እኔ ልጻፍላችሁ" ብዬ ብዕር ስይዝ ኩሮዳ ደረሰ።

"ኮሮጆ ልትገለብጪ ነው? አንቺ ከጻፍሽው ድምፁ ያንቺ ነው።"

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው ያናደደኝ። "እሺ ይሣሉ" አልኩ። ኩሮዳ አሰበና "ይሣሉ" አለ። የሱንም ትራስ ሊሥሉለት አይደል?

ፕሎይ የምትባል የባንኮክ ልጅ ነበረች፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ በስልኩ እንደነገረኝ መርከቡ በቆመበት ሁሉ የዳይኖሰር መናፈሻ፣ የውሃ መንሸራተቻ፣ የበረዶ ቤተ መንግሥት አሳይቷታል፣ ፊቷ አልተፈታም። ለሞናካ ፖም ስወረውር፣ ሞናካ ፖሙን ልትይዝ ብላ በሆዷ ተንከባለለች። ፕሎይ ሳቀች... ማቆም አቃታት። አባቷ ፎቶ ማንሳት ረስቶ እሷን ብቻ ያይ ነበር። ከፖሙ ሌላ ምንም አላነሳሁም እኮ፣ ግን አንድ ትልቅ ነገር የሠራሁ ያህል ደረቴ ተነፋ።

ልጅቷ ወረቀቷን በክንዷ ከልላ ሣለች። አላየሁም። በዚህኛው ጊዜ ምዬ ነው የምናገረው፣ አላየሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ቆጠራ።

ቆጣሪው ጋሽ ሺኖሃራ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሲቆጥሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰውዬ። ለእንስሳ ምርጫም ክራቫት አስረው መጡ። "የመራጩ ሐሳብ ከታወቀ ድምፁ ይቆጠራል፣ ካልታወቀ ይወድቃል" አሉና መነጽራቸውን አደረጉ።

የተጻፈው ቶሎ አለቀ። ካፒባራ አንደኛ፣ ሪንታሮ ሁለተኛ። ሥዕሉ ግን ክምር ነው። ኩሮዳ አንዱን አነሳ። "ጆሮ አለው፣ ወፍራም ነው፣ ዓይኑ ዙሪያ ጠቁሯል። ቀይ ፓንዳ።" ሁለተኛውን አነሳ። "ቀይ ፓንዳ።" ሦስተኛውን...

ደሜ ፈላ። "አንተ የራስህን እንስሳ ጭራ አይተህ ታውቃለህ? ያንተ ጭራው ላይ ቀለበት ቀለበት አለበት። የኔዋ ቀለበት የላትም። ቀለበት ያለው ሁሉ ያንተ፣ የሌለው ሁሉ የኔ። አለቀ!"

ጋሽ ሺኖሃራ ብዕራቸውን አነሱ። "ጥሩ ደንብ ነው። ተስማማችሁ?" ኩሮዳ ተስማማ። እኔማ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ቀለበት የለም፣ ሞናካ። ቀለበት የለም፣ ሞናካ። ቀለበት አለ፣ ሪንታሮ። ሞናካ፣ ሞናካ... ስድስተኛ ሆንን። አምስተኛ። አራተኛ። ፔንግዊኖቹ በአንድ ድምፅ ብቻ በልጠውን አንድ ወረቀት ቀረ። እኩል ከሆንን ሁለታችንም ሦስተኛ ነን።

ጋሽ ሺኖሃራ ገለጡት። ወፍራም ሆድ፣ አጭር እግር። ሆዷ ላይ ፖም። አጠገቧ ነጭ ጓንት ያደረገች፣ አፏ እንደ ዋሻ የተከፈተ ልጅ።

ጭራዋ ላይ ቀለበት። በሰማያዊ፣ በቢጫ፣ በሮዝ። ለማሳመር ብላ ነው እኮ...

ኩሮዳ አጎንብሶ አየው። ብዙ ጊዜ አየው። "ይሄማ ሞናካ ናት" አለ። "አፉም የናጊሳ ነው። እኔ አልከራከርም።"

ኩሮዳ ነው ይሄን ያለው።

ጋሽ ሺኖሃራ ግን ወደኔ ዞሩ። "ሌሎቹን ሁሉ በጭራቸው ነው የለየናቸው። ይሄን በፖሙ ከለየን ሌሎቹንም እንደገና ማየት አለብን። ደንቡ ያንቺ ነው ልጄ፣ ምን ትያለሽ?"

ልጅቷን አውቃታለሁ ልል ነበር። ስትሥል አጠገቧ ነበርኩ ልል ነበር። አፌን ከፈትኩት... ግን በዛው ደንብ ስንት ወረቀት ወስጃለሁ? ከመሀላቸው ሪንታሮን ሊሥል ብሎ ቀለበቱን የረሳ የለም? ሲጠቅመኝ ደንብ፣ ሲጎዳኝ ፖም?

"ቀለበት አለበት" አልኩ። "የሪንታሮ ነው።"

አራተኛ።

መጀመሪያ ጎንበስ ያሉልኝ ጋሽ ሺኖሃራ ናቸው። ከወገባቸው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው። እኔ ደሞ መልሼ መጎንበሱን ረስቼ ቀጥ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። አላለቀስኩም። ጨርቁን ሳልፈታ ነው ቤት የሄድኩት። አውቶቡስ ውስጥ ሰው አየኝ። ይየኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ትናንት ቤት ስደርስ አባባ ወጥቶ ነበር፣ ዛሬም ከባሕር ሳይመለስ ነው የወጣሁት። ውጤቱን እስካሁን አያውቅም።

ዛሬ ሞናካ ጋ ሰው ነበር። የቱሪስት መርከብ የለም፣ ያገር ሰው። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ "ይቺ አገራችን ብቻ ያለች ናት" እያለ ያስረዳል። ጣልቃ ገብቼ ላስተካክል አልኩና ተውኩት። በደንብ እያስረዳ ነው።

ወይዘሮ ኢሶቤ አባባ የሚፈርመውን ወረቀት ሰጡኝ። "ሦስተኛ አራተኛ የሚለው ያንቺና የአባትሽ ጉዳይ ነው" አሉ። "እኔ የምፈልገው ትናንት ያየኋትን ልጅ ነው። ግን ነገ ጠዋት ሥራ ስንጀምር ፊርማው ጠረጴዛዬ ላይ መኖር አለበት።"

ነገ ጠዋት አባባ ባሕር ላይ ነው፣ ዛሬ ሲመሽ ይወጣል።

ሦስተኛ ወጣን ብዬ ብነግረው ማን ያጣራል? እሱ እዚህ ኮረብታ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ አሰብኩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዛ ደወልኩ። አያነሳም። ደገምኩ፣ አያነሳም። መልእክት መቀበያው ሲጮህ የመጣልኝን ተናገርኩ። ያልኩትን ቃል በቃል እዚህ ልጻፈው፣ ኋላ "እንዲህ አላልሽም" እንዳይለኝ፦

"አባባ፣ ናጊሳ ነኝ። አራተኛ ነው የወጣነው። ሦስተኛ አይደለም። በአንድ ድምፅ፣ ያንን ድምፅ ደሞ በገዛ አፌ ነው አሳልፌ የሰጠሁት፣ ከፈለግክ ኩሮዳን ጠይቀው። ስለዚህ ተሸንፌያለሁ። ትምህርት ቤት ተመለሺ ካልክ እመለሳለሁ፣ አላኮርፍም። እሺ፣ ትንሽ አኮርፋለሁ። ግን ከመወሰንህ በፊት ና እና ያቺን እንስሳ አንድ ጊዜ እያት። እኔን ስሠራ እየኝ። አይተኸኝ አታውቅም እኮ። ወረቀቱን ይዤ ወደቡ ላይ ልጠብቅህ ወይስ አንተ ወደዚህ ትወጣለህ? እሱን ብቻ ንገረኝ። አይሆንም ካልክም በአፍህ በለኝ፣ በዝምታ አይደለም። ሳይመሽ ደውልልኝ። ሰማህ አባባ? ሳይመሽ።"