ሮዳስን ማን ይመርጣታል?

ታኅሣሥ 2

ዛሬም የሚኒሶታ በረዶ። መንገዱ ከበረዶ እንዲጠረግ ስኖው ኢመርጀንሲ መታወጁን ረስቼ መኪናዬን ከማይቆምበት በኩል ትቻት ነበር። ጎረቤቴ በር ባያንኳኳ ጎትተው ወስደዋት ነበር። እግዜር ይስጠው። ሥራ እንደ ወትሮው… ሜፕልዉድ ክሊኒክ፣ ኩላሊት እጥበት፣ መርፌ መሰካት፣ መርፌ መንቀል።

ማታ ሮዳስ ከልምምድ ገባች። ሽሮዋን ግማሽ ድረስ ከበላች በኋላ "የኮከቦች ጨዋታ ምርጫ ላይ ስሜ ወጥቷል" አለች። አባባሏ! ወተት አልቋል እንደሚባለው ዓይነት።

አውጣጣኋት። የምትጫወትበት የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ በየዓመቱ ምርጦቹን ሰብስቦ ቺካጎ ያጫውታል። የሚመርጠው ተመልካቹ ነው፤ በስልክ፣ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ። ብዙ ድምፅ ያገኙት አምስቱ ይሰለፋሉ። የኛዋ ኳስ አቀብላ በማስቆጠር ከሊጉ አንደኛ ናት። ይህንንም የሰማሁት ከእሷ አይደለም፣ ከአባቷ ነው።

ወዲያው ነገር ታየኝ። ነርሲንግ ትምህርት ቤቱ ከተቀበላት ቆየ፣ መልሷን እየጠበቀ ነው። እሷ "ሲዝኑ ይለቅ" ትላለች። የኳስ ዕድሜ የጥቅምት አበባ ነው። ጉልበቷ የታመመ ቀንስ? እኔ ይችን ሥራ እስካገኝ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። "እንግዲያው እንዋዋል" አልኳት። ከተመረጠች ዓመት ሙሉ ስለ ነርሲንግ ትንፍሽ አልልም። ካልተመረጠች ሰኔ ላይ ትምህርት ትጀምራለች። ባሌ ስንታየሁ ምስክር።

"ኦኬ" አለች። በቃ። ኦኬ።

አሸንፌያለሁ። ካሜራ ሲመጣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን የምታስር ልጅ ማን ይመርጣታል?

ታኅሣሥ 4

ዛሬ ኩን ራፒድስ፣ ሜዳቸው ላይ ተጫውተው አሸነፉ። እኔ እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ ሥራ ነኝ። በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ ቃለ መጠይቋን አየሁ።

ጋዜጠኛዋ "ዛሬ ድንቅ ነበርሽ" አለቻት። "ያገባችው ኬንድራ ናት" አለች የኔ ልጅ። ኬንድራ፣ ሮዳስ ኳሱን የምታቀብላት ጓደኛዋ ናት፤ ረጅሟ። "ሕዝቡ ለኮከቦች ጨዋታ ለምን ይምረጥሽ?" አለቻት። ሮዳስ አሰበች… አሰበች… "ሌሎቹም ጥሩ ናቸው" አለች።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እንዲህ ያለ የምረጡኝ ቅስቀሳ በዓለም ላይ ተሰምቶ ያውቃል?

አብራት ለምርጫ የቀረበችውን የቺካጎዋን ልጅ ደግሞ አየኋት። ኳስ ካገባች ትጨፍራለች። ካላገባችም ትጨፍራለች። ውሻዋ ኢንተርኔት ላይ የራሱ ገጽ አለው፣ እሱም "ምረጧት" ይላል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ማለት ይሄ ነው። ውሌ በእጄ ነው፣ ምን አስጨነቀኝ?

ታኅሣሥ 8

ዘጠነኛ ናት። ስነግራት "ሪሊ? ዘጠነኛ?" ብላ ደስ አላት። ምስኪን።

ታኅሣሥ 10

ተናድጃለሁ። 

ሕመምተኞቻችንን በቫን የሚያመላልሰው ኦዳ ኳስ ይወዳል። ዛሬ በረንዳው ላይ "እትዬ፣ ሰው ስለ ሮዳስ የሚጽፈውን አይተሻል?" አለኝ። ባላየሁት። አንዱ "ሚኒሶታ? እዚያ ከበረዶ በቀር ማን ያያታል?" ይላል። ሌላው "አሰልቺ ናት፣ ስትጫወት እንቅልፌ ይመጣል" ይላል። አሰልቺ!

"አይዞሽ" አለኝ ኦዳ፣ "የእሷ ጥፋት አይደለም እኮ። ማርኬታችን ትንሽ ነው። ቺካጎ ሕዝብ አላት፣ ቲቪ አላት። እኛን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረናል?"

እኔ አሰልቺ ብላት እናቷ ነኝ። አንተ አሰልቺ ብለህ የጻፍከው ማነህ? ፎቶህ ላይ ዓሣ ታቅፈህ ቆመሃል! ከዓሣው ጋር ስትውል አልሰለቸህም?

ማታ ስንታየሁን "በሊጉ ውስጥ እሷን የሚያህል የለም እኮ" አልኩት። ከኤደን ፕሬሪ መጋዘን ደክሞት የገባ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። "ከመቼ ጀምሮ?" አለኝ። 

ታኅሣሥ 12

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት አዳራሹ ጥግ ላይ ታብሌቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ወዲያው ተሰለፈ። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ዲቪ የምሞላው እኔ፣ የኢንሹራንስ እኔ፣ የዜግነት እኔ… ታብሌት ይዤ ከተቀመጥኩ መሞላት ያለበት ነገር አለ ማለት ነው።

እትዬ ባየሽ አንደኛ። "የምን ፎርም ነው?" አሉ።

"ሮዳስን እንድትመርጧት ነው።"

"ለምንድን ነው የምትመረጠው? አሟታል እንዴ?"

"ኳስ ትጫወታለች እትዬ።"

"እስካሁን? አላገባችም?" አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። "በይ ጻፊኝ። ባሕር ዳር ያለችውን እህቴንም ጨምሪ፣ እሷ ምን ጎደላት?"

ሰዎቹ በየተራ ስማቸውን ይነግሩኛል፣ እሞላለሁ። ኢሜል ለሌለው እዚያው እከፍትለታለሁ። አባም መጥተው "ኃጢአት የለበትም?" አሉ። "ኳስ ነው አባ" አልኳቸው። "እንግዲያስ እኔንም አስገቢኝ" አሉ። ምስሩ ቀዝቅዞ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ፣ እኔ ገና እጽፋለሁ።

ውሉ ትዝ ያለኝ መኪና ውስጥ ስገባ ነው። ምን እያደረግሁ ነው? ስንታየሁ እየሳቀ "ውርርድሽን ራስሽ ልታስበይው ነው?" አለኝ። ዝም በል አልኩት። እንድትመረጥ አይደለም… ክብሯ እንዲጠበቅ ነው። ስድስተኛ ትውጣልኝ። ስድስተኛ ክብርም አለው፣ ነርሲንግም አለው።

ታኅሣሥ 15

ሦስተኛ!!

አበዛሁት መሰለኝ።

ታኅሣሥ 17

ጉድ ፈላ።

ሮዳስ ከልምምድ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች። "እማ፣ አንድ ታብሌት አለ፣ ሰንዴይ ከሰዓት… ያ ሁሉ ድምፅ ከእሱ ነው የመጣው። አብዛኞቹ ኢሜሎች ያን ቀን ነው የተከፈቱት። ሊጉ ቦት ነው ብሎ ሰርዞታል።"

"ቦት ምንድን ነው?"

"ሰው ያልሆነ። ማሽን።"

"እትዬ ባየሽ ማሽን ናቸው?"

ልትቆጣ ነበር መሰለኝ… ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቋን ስትጨርስ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ስሟን ጭራሽ ከምርጫው ሊያወጡት ነበር፣ አጭበርብራለች ብለው። አሰልጣኟ ስትሟገትላት ውላ ነው የተረፈችው። አሁን አስረኛ ናት። ሰዎቹ እውነተኛ ከሆኑ እንደገና በየራሳቸው ስልክ መምረጥ ይችላሉ ተብሏል። ተቀየመችኝ? አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንታየሁ ከሶፋው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ሲባል አልሰማሽም?" አለ። ሰምቻለሁ። ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሃምሳውን ሰው ከየት ላምጣ?

ልጄን ጎዳኋት። ሌላ ምን ይባላል? ስድስተኛ ብዬ ስቀልድ አጭበርባሪ አስባልኳት።

ታኅሣሥ 19

አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ተናገርኩ።  "የኔ ስህተት ነው፣ ድምፃችሁ ተሰርዟል፣ እባካችሁ እያንዳንዳችሁ በየስልካችሁ" አልኩ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ… ሁሉም እሺ አለ። የኛ ሰው እሺታ ጨዋነት ነው፣ ቃል ኪዳን አይደለም። ግማሹ የይለፍ ቃሉን አያውቅም፣ ግማሹ ስልኩን የሚከፍትለት ልጁ ነው።

እትዬ ባየሽ ግን ተቆጥተዋል። "ማሽን ያለኝ ማነው? ቁጥሩን ስጪኝ፣ ላናግረው!" የሚደወልበት እንደሌለ አስረዳኋቸው። እንግዲያው አሳዪኝ አሉ። በገዛ ጣታቸው፣ አንድ በአንድ ፊደል እየለቀሙ መረጡ። ሲጨርሱ ስልኩን ወደ ላይ አንስተው ለሰው ሁሉ አሳዩ። ከዚያ ሌሎቹን ማስተማር ጀመሩ። እኔን "አንቺ ዞር በይ፣ አትንኪ" አሉኝ።

ታኅሣሥ 27

ምርጫው ተዘጋ።

ስድስተኛ።

ልክ እንደተመኘሁት። እግዜር ቃል በቃል ሰማኝ። የቺካጎዋ አንደኛ፣ ውሻዋ እንኳን ደስ ያለን ብሏል።

ሮዳስ "ኦኬ" አለች። ወደ ክፍሏ ገባች። አሸነፍኩ… እንግዲህ ደስ ይበለኝ። ለምን ደስ አላለኝም?

ታኅሣሥ 30

ትናንት የገና ዶሮ፣ እንግዳ፣ ሁካታ። ዛሬ ቤቱ ጭር ብሏል። ሮዳስ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ከፍታ ለነርሲንግ ትምህርት ቤቱ እመጣለሁ የሚለውን መልስ ትጽፋለች። ማንም ሳያስታውሳት። ውል ነዋ። ፊቷን አየሁት… ያው ያ የቃለ መጠይቁ ፊት። ደስታም የለው፣ ኀዘንም የለው።

"ለማን ነበር የመረጥሽው?" አልኳት። ለምን እንደጠየቅኋት አላውቅም።

"ለኬንድራ።"

"ለራስሽስ?"

ቀና ብላ አየችኝ። እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነው የምትመልስልኝ ሁልጊዜ። ዛሬ በአማርኛ ብቻ መለሰች። "ነውር አይደል? 'ሰው ያመስግንሽ እንጂ ራስሽን አታመስግኚ' ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ በሒሳብ አንደኛ ወጣሁ ብዬ እንግዳ ፊት ስናገር። ቆንጥጠሽኛል።"

ቆንጥጫታለሁ? ቆንጥጬ ይሆናል። እኔም ተቆንጥጬ ነው ያደግሁት። ይህችን ልጅ ካሜራ ፊት ጫማ የሚያሳስራት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ወር ሙሉ ስስቅባት ከረምኩ። ለካ ያሳሰርኳት እኔ ነኝ።

"እሱ በሰው ፊት ነው" አልኳት። "እኔ ሰው ነኝ እንዴ? እናትሽ ነኝ። ንገሪኝ።"

ላፕቶፑን ገፋ አደረገችው።  ከዚያ ጠረጴዛውን እያየች…

"ነርስ መሆን አልፈልግም። አሁን አልፈልግም። መጫወት ነው የምፈልገው። እኔ… ጎበዝ ነኝ እማ። በጣም ጎበዝ ነኝ።"

ብላ አፏን በእጇ ያዘች። የተሳደበች ያህል።

ደስ አለኝ። ፈራሁም። ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ኳሱ አንድ ቀን ያልቃል፣ ጉልበት ይታመማል፣ ይሄ ፍርሃት ከእኔ የትም አይሄድም። ግን ልጄ ምን እንደምትፈልግ ስትናገር ሰማሁ፤ በዚህ ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

"ውሉስ?" አለችኝ።

"ውሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ያውም በታብሌት" አልኳትና ላፕቶፑን ዘጋሁት። ትምህርት ቤቱ ቦታዋን ለአንድ ዓመት ያቆይላት እንደሆነ ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ… አይ። ራሷ ትጠይቅ። እኔ ፎርም መሙላት ቢቀርብኝ ይሻላል።

ጥር 2

ፈረቃ ቀይሬ ጨዋታዋን ለማየት ኩን ራፒድስ ሄድኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እትዬ ባየሽና ሌሎች ሦስት እናቶች "የመረጥናትን እንይ" ብለው ነጠላቸውን ደርበው መጡ። ሮዳስ ስታየን ደነገጠች። እልልታው ሲቀልጥ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ጨዋታውን አቆመው፤ ምን እንደደረሰ ዞሮ ዞሮ ፈለገ።

እትዬ ባየሽ ተናደዱ። "እዚህ ድረስ ደክማ አምጥታው ለምን ለረጅሟ ትሰጣታለች? ራሷ አታገባውም?"

"ሁለቱ ልጆች እሷን ሲከቡ ረጅሟ ብቻዋን ቀረች እኮ እትዬ። ሮዳስ ናት እንዲከቧት ያደረገቻቸው።" እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ከየት አመጣሁት? ሳይ ነዋ። ስታየው ይታያል።

ጥር 5

ዛሬ ሚስተር ላርሰን የእጥበት ማሽኑ ላይ ሆነው "ልጅሽ ነርስ ልትሆን ነው አላልሽኝም?" አሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ከሕመምተኞቼ ሁሉ ጭምቱ።

"ኳስ ተጫዋች ናት" አልኳቸው። ከዚያ አፌ ተከፈተ። የምታቀብለውን ነገርኳቸው፣ እንዴት ሳታይ እንደምታየው ነገርኳቸው፣ በሊጉ አንደኛ መሆኗን ነገርኳቸው፣ ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ አሳየኋቸው። መርፌው ክንዳቸው ላይ ነው፣ የት ይሄዳሉ? ኦዳ ሊወስዳቸው ሲመጣ እኔ ገና አልጨረስኩም።

"ገባኝ፣ ገባኝ" አሉ በመጨረሻ። "ስሟን ጻፊልኝ፣ ልምረጣት።"

"ምርጫው እኮ አልቋል" አልኳቸው።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን ነገርሽኝ?"

"ጎበዝ ስለሆነች ነዋ!"