በሁዳዴ ቅቤ የበላው ካሚዮን

ሰኞ
ዛሬም አልወጣም! ካሚዮኑ ጋፋት ዳገቱ ሥር ቆሞ ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። በሌላ ካሚዮን ጎትተው ጋራዥ አመጡልኝ። ካፖው፣ ያ ጣሊያን አለቃዬ፣ ሾፌሩን ማሩን በጥፊ አጮለው። «ሆን ብለህ ነው ያበላሸኸው» ይለዋል። ማሩ የእህቴ ባል ነው። የእሱ እጅ ካለበት ገበያ መሃል እንደሚሰቅሉት ካፖው አፉን ሞልቶ ነገረኝ፤ መርምር ብሎ ያዘዘውም እኔኑ ነው። ኤጭ! የዚህ ሰው እንጀራ እንደተናነቀኝ አለ።

ማክሰኞ
ፈተንሁት። የእጅ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጌ ሳብሁ፣ ትልቁን ማርሽ አስገባሁ፣ ነዳጅ ሰጥቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ፍሪሲዮኑ ደህና ቢሆን ሞተሩን ከጎማው ጋር አጥብቆ ይይዘዋል፤ ጎማው ስለታሰረ ሞተሩ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው።

ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ቅቤ! በሁዳዴ! አቤት መከርፋቱ! ምራቄን ብተፋ ብተፋ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ።

ማሩን ጥግ አስይዤ አፋጠጥሁት። «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ ሲጮህብኝ ጊዜ የደረቀ መስሎኝ ነው። ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ አይቀቡም?» ጾም ነውና የማይበላውን የቤቱን ቅቤ በሽፋኑ ቀዳዳ አስገብቶ ለቅልቆታል። ድንቄም ሾፌር! ልደበድበው ቃጣኝ። ለካፖው እውነቱን ብነግረው ያምነኛል? ገመድ ነው የሚያመጣው። የሞተር ዘይት ፈሶበት ነው አልሁት። ዋሸሁ፤ አልቆጨኝም።

ረቡዕ
ፈታሁት። ሞተሩን የሚይዝበት የፍሪሲዮኑ ሸራ ጠቁሮ፣ ቅቤው ከአቧራ ጋር ተጋግሮበታል። እጄ እስከ ክርኔ ገማ። በቤንዚን አጠብሁት። ካፖው ራሴ ላይ ቆሞ ቶሎ በል ቶሎ በል ይላል። የሚያጣድፈው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ሰማሁ፦ ካሚዮኑ ወታደርና የቤንዚን በርሜል ጭኖ እብናት ሊወርድ ነው። አርበኛ አብልታችኋል ብለው መንደር ሊያቃጥሉ።

አስጠላኝ። ሰውየውም፣ ካሚዮኑም፣ የገዛ እጄም። ባልጠግነው ማሩ ይሰቀላል፣ ብጠግነው መንደሩ ይነዳል። ይህም ምርጫ ተብሎ!

ሐሙስ
ካፖው ፊት ፈተንሁት። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ነዳጅ፣ ለቀቅሁ። ሞተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። «ብራቮ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እዚያ ላይ የለበስሁትን ቀድጄ ብጥለው በወደድሁ።

ማሩ ተረፈ። ግን ነገ ጠዋት መሪውን የሚይዘው እሱው ነው። ሲሰናበተኝ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ቤት የተረፈ ቅቤ አለ» አለኝ። «እንግዲያ ሳይመጡባት እህቴን ነገ ማለዳ ቆላ ዘመድ ቤት እሸኛታለሁ» አልሁት።

ቅዳሜ
ካሚዮኑ ትናንት መንገድ ላይ ዳገት አቅቶት ቆሞ ቀረ። ወታደሮቹ ሲገፉ ማሩ ጫካ ገብቷል። መንደርተኛው ወሬውን ሰምቶ ከብቱን እየነዳ ወጥቷል አሉ። እግዜር ያውጣቸው።

እንደገና ጎትተው አመጡልኝ። ካፖው ፈትን አለኝ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ያው ሽታ ጋራዡን ሞላው። «ምንድን ነው ይህ?» አለ ፊቱን አጨማዶ። «ዘይት ነው» አልሁ። ያመነኝ አይመስለኝም፤ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ገመድ ይዞ ይመለስ አይመለስ አላውቅም።

እኔ እዚያው ቁጭ አልሁ። ዛሬ ሽታው አልከረፋኝም። ሰኞ እፈታዋለሁ፤ ቀስ እያልሁ።