እርኩሟን የቀበርኩበት ጓሮ

ሰይዴ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ቤቱ እንዳለ ነው፤ ወናፍህን ግን አይጥ በልቶታል። አሶሳ ዛሬ የክልል ዋና ከተማ ተብላለች፤ በየበሩ አዲስ ታፔላ ተሰቅሏል። እኛን ሰፋሪዎቹን ሰው ሰላም ሲለን እንኳ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ወደ ወሎ እየተመለሱ ነው።

እኔም ልጃችንን ይመርን ይዤ ልሄድ አስቤ ነበር። ለመንገዳችን የቀረችን ያቺ የመጨረሻዋ የነሐስ እርኩምህ ብቻ ነበረች። የእንስሳትና የወፍ ሐውልት የሚሰበስበው የአዲስ አበባው ደንበኛህ ያረጀ ካልሆነ እንደማይወድ ታውቃለህ። አንተ ደግሞ አዲሱን ሥራህን አመድና የከብት ሽንት የጠጣ አፈር ውስጥ ቀብረህ ታከርመውና፣ አረንጓዴ ለብሶ ሲወጣ የአያቶች ቅርስ ነው እያልክ ታስረክበው ነበር። አቤት ያኔ ስትስቅ! እኔም እንዳንተው በነጠላ ጠቅልዬ ጓሮ ቀበርኳት።

ለካ ያየኝ ሰው ነበር። ሰፋሪዋ ጠመንጃ ቀበረች ተባለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ታጣቂዎች መጥተው ጓሮውን ሲቆፍሩ እርኩሟ ወጣች፤ እፎይ አልኩ። አንዱ ግን ገለበጣት። ጦርነቱ ሲያልፍ ለቅመህ ካቀለጥከው የጥይት ቀለህ አንዱን፣ ለምልክት ብለህ ከእግሯ ሥር ሳይቀልጥ ትተኸው የለ? ቀለህ ካለ ጥይት አለ፣ ጥይት ካለ ጠመንጃ አለ አሉና ይዘዋት ሄዱ። የአገሬው ተወላጅ የሆነችው በርታዋ ጎረቤታችን ሀዋ «ወላሂ፣ ወፍ ነው እኮ፣ እኔ አይቷል» ብላ ብትምልልኝም የሰማት የለም። ከዚያ ወዲህ እሷም አጥራችንን አትሻገርም።

ትናንት ተመልሰው መጡ። ስትቀበር ቃሬዛህ ከብዶ እንደነበር ጠየቁኝ። ጠመንጃውን ካንተ ጋር የቀበርነው መስሏቸዋል፣ ሰይዴ። በሽታው ጨርሶህ አልነበር? ቃሬዛህን ሁለት ሰው ይበቃው ነበር። ዛሬ መቃብርህ ሄጄ ሳይ ከራስጌህ አዲስ ችካል ተተክሏል።

ከሄድን ሸሹ ብለው ይቆፍሩሃል። ከቀረን ደግሞ ዓይናቸው ይመር ላይ ነው፤ ጠመንጃውን የት እንዳኖርክ ልጁ ያውቃል ይላሉ። ስለዚህ ነገ ወደ ወሎ በሚሄደው የእህል መኪና እሸኘዋለሁ፤ ሹፌሩ ወዳጅህ ስለነበር እሺ ብሎኛል። ፈራሁ፣ ግን እሱ ይኑርልኝ።

እኔ ምንጣፌን ይዤ አንተ ጋ እመጣለሁ። አልረሳህም። አካፋቸውን ይዘው ሲመጡ ከራስጌህ ያገኙኛል።

ሚስትህ ዘሀራ