ጋኑ ኦሞ ኦሞ ሸተተ

ይድረስ ለልጄ ለሲፈን። የመስቀሉ ጌታ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኛ ቡታጅራ ደህና ነን፤ ዝናቡም ጋብ ብሏል።

ጎረቤታችን ውድነሽ ለልጇ ሰርግ የጠላ ጋናችንን ተውሳ በኦሞ አጥባ መለሰችልኝ። ሸክላ የነካውን ሁሉ እንደሚጠጣ ጠፍቷት አይደለም፣ ቸኩላ ነው። አልተቀየምኳትም፤ ትንሽ ብቻ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በግራዋ ቅጠል አሸዋለሁ፤ ሲደርቅ በወይራ አጥነዋለሁ። ጭሱ ሲሳሳ ጭንቅላቴን አስገብቼ አሸተዋለሁ። ትናንት በልጅነትሽ ስታጥቢው ታንጎራጉሪው የነበረው ዜማ ከውስጡ የመጣ መሰለኝ፤ እንዳይጠፋብኝ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።

አፉንና ሆዱን አሁን ሽታው ለቆታል። ታቹ ጋ ግን ክንዴ አይደርስም፤ እንደ አባትሽ ረጅም ክንድ ያለሽ አንቺ ነሽ። እግዜር ፈቅዶ ለመስቀል ብትመጪ ግራዋውን ቀጥፌ እጠብቅሻለሁ። በፎቶ ያየሁትን ጥፍር ግን ቆርጠሽ ነይ።

እናትሽ ትርንጎ