የሸምሶ የቆጮ ጉድጓድ

ጥቅምት 9

ዶሮዎቹ አራት እንቁላል ጣሉ። ጎመኑን ውሃ አጠጣሁ። አቮካዶው ገና ነው። ሸምሶ ሻይ ጠጣች፣ ግማሹ በአገጯ ወረደ፣ ጠረግኩላት። ሌላ ምን አለ... ምንም።

ከነሐሴ ወዲህ ይህን ደብተር አልነካሁትም ነበር። ዛሬ ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። ማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ሳለሁ የያዘኝ አመል ነው፣ ያልጻፍኩት ነገር ያልለካሁት ይመስለኛል። እንግዲያው ይጻፍ። ነሐሴ 14 ሸምሶ ጓሮ ውስጥ ጎመን ስትቀነጥስ ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዙም። አፏም ተይዟል፣ ድምፅ እንጂ ቃል አይወጣትም። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር አብሬያት ኖሬ አንዲት እንባ አልወጣኝም። ሰው "አይዞህ" ይለኛል፣ "እሺ" እላለሁ።

ጥቅምት 13

ሩፋይዳ ከወልቂጤ ደወለች። ያው ነገር ነው። የተከራየችው ቤት ለእናቷ የሚሆን ክፍል አለው፣ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ የቡታጅራው ቤት ይከራይ...

"አባ፣ ምንድን ነው የምትበሉት?"

"ጓሮ አለ።"

"ጓሮው ራሱ አይጋግርም እኮ።"

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች። እስከዚያ እናቷ እንዲሁ እየከሳች ከሄደች መኪና ይዛ መጥታ ትወስደናለች። የወለድኳት ልጅ ቀነ ገደብ ትሰጠኛለች። መናደድ ነበረብኝ መሰለኝ። አልተናደድኩም፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁት።

ጥቅምት 14

ትናንት ያልጻፍኩት አለ። ሸምሶ ወልቂጤ መሄድ አትፈልግም። ደህና ሳለች ስንቴ ብላኛለች። "ከዚህ ጓሮ የምወጣው በሰው ሸክም ነው።" አሁንማ ለሸክም ቀላል ሆናለች...

ጥቅምት 20

ስለ ጓሮው ልጻፍ።

ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሻይ ቤት ከእነ ሙባሪክ ጋር ተቀምጬ ፎክሬያለሁ። "እኔ ከገበያ የምገዛው ጨው፣ ስኳርና ሳሙና ነው። የቀረውን ጓሮዬ ይችላል።" ውሸት አልነበረም። ሃያ ሜትር በሠላሳ፣ ራሴ የለካሁት። ሃያ ስድስት እንሰት። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሁለት አቮካዶ፣ ዘጠኝ ዶሮ፣ አንዲት ላም።

ላሟ አሁን ጎረቤታችን ሀሊሜ ዘንድ ናት። የምታልባት ሸምሶ ነበረች። እኔ ስቀርባት እግሯን ታነሳለች። ሀሊሜ በየሁለት ቀኑ ወተቱን ትልክልናለች።

እኛም ዳቦ እንበላለን። ከሱቅ። ዛሬ ሙባሪክ ፌስታሉን አይቶ ምንም አላለኝም። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቆጮስ? አለ። ሸምሶ ሰኔ ላይ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር እንሰት ፍቃ የቀበረችው ነው፣ ጉድጓዱ ሙሉ። አልነካሁትም። ቆጮ ሲቆይ ይጣፍጣል እንጂ አይበላሽም። ለክፉ ቀን ይሁን ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ክፉው ቀን የትኛው እንደሆነ ግን እንጃ።

ጥቅምት 26

ሸምሶ በግራ እጇ ወደ ጓሮው በር እያሳየች አስቸገረችኝ። ፀሐይ አምሯት ነው። አቅፌ አወጣኋት፣ አቮካዶው ሥር አስቀመጥኳት። ፊቷን አዞረችብኝ።

ኅዳር 2

ዛሬም ያቺው ግራ እጅ። አወጣኋት። ድምፅ አሰማች፣ ቁጣ ይመስላል። በርዷት ይሆን? ጋቢ ደረብኩላት። ጣለችው። አነሳሁ። ጣለችው። አነሳሁ። ከዚያ ይዣት ገባሁ።

ኅዳር 3

እንቁላል ሦስት።

ኅዳር 11

ዳቦውን መትፋት ጀምራለች። በሻይ ነክሬ ብሰጣትም ትተፋዋለች። ክንዷን በሜትር ለካሁት፣ ሃያ አንድ ሳንቲ ሜትር። ለምን እንደለካሁት አላውቅም። ድሮ አልለካሁት፣ ከምን ጋር ላወዳድረው?

ሩፋይዳ ደውላ "እማዬ እንዴት ናት?" አለች። "አልሃምዱሊላህ" አልኳት። መደበቄ ገብቷታል።

ኅዳር 15

ረጅም ቀን።

ሀሊሜ ወተቱን ራሷ ይዛ መጣች። እንደ ሌላው ጊዜ በር ላይ ሰጥታኝ አልተመለሰችም፣ አቮካዶው ሥር የተቀመጠችውን ሸምሶን ልይ ብላ ጓሮ ዘለቀች። "አላህ ያሽርሽ" አለቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ቀና አለችና የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ያዘች።

"ጋሽ ሸረፋ፣ የጉድጓዱ ቅጠል መቼ ነው የተቀየረው?"

"የምን ቅጠል?"

የምቀልድ መስሏት ነበር።

"ኮባው ነዋ። በየጊዜው ይከፈታል፣ ቆጮው ይገላበጣል፣ አዲስ ኮባ ይለብሳል። እንዲያው ዝም ብሎ የሚቀመጥ መስሎህ ነው? ሸምሶ ነግራህ አታውቅም?"

"ጠይቄያት አላውቅም።"

ድንጋዮቹን አነሳን። የላይኛው ኮባ በስብሶ ጨቅይቷል። ከሥሩ ያለው ቆጮ ጠቁሯል፣ ትል ይርመሰመስበታል። ሽታውን አልጽፈውም። ከበላዩ ስመላለስ የከረምኩት ሰውዬ፣ አፍንጫዬም አብሮኝ ሞቶ ነበር ማለት ነው።

ቀና ስል ሸምሶ ከወንበሯ ታየኛለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ፀሐይ አይደለም የፈለገችው። ከጥቅምት ጀምሮ "ጉድጓዱን ክፈተው" እያለችኝ ነበር፣ እኔ ጋቢ እደርብላታለሁ።

ሀሊሜ ተቆጣች። "ምን አፍህን ዘጋው? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ብትጠራኝ ምን ነበረበት?"

"ባለቤቷስ ጮኻለች" አልኩ። "የሰማት የለም።"

ኅዳር 16

ሦስት እጅ ቢሆን ሁለቱ እጅ ተጣለ። ተሸክሜ ከአጥሩ ጥግ ቀበርኩት። የታችኛው ደህና ነው፣ ነጭ ነው። ሀሊሜና ሌላዋ ጎረቤታችን ሳሌሃ ኮባ ቆርጠው መጡ። እኔ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሜ ነበር።

"ወንድ እዚህ አይቆምም" አለችኝ ሳሌሃ። ሄድኩ። የውጭው በር ላይ ቆምኩ።

ልማዱ ነው። እንሰት መትከል፣ ማዛወር፣ መንቀል የወንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ የሴት ነው። ወንድ አይፍቅም። ጉድጓድ ውስጥ እጁን አይከትም፣ ነውር ነው። ሲሠሩም ቆሞ አያይም። ስለዚህ አላየሁም፣ ስላላየሁም አላወቅኩም። አባቴም አያውቅም ነበር፣ ግን እሱ ሻይ ቤት ተቀምጦ አልፎከረም። እኔ ቆፍሬ እተክላለሁ፣ ከዚያ ምግብ ሆኖ ይቀርብልኛል። መሀሉን ማን ሠራው? አሥራ አንድ ዓመት "ጓሮዬ" ስል የነበረው የእሷ እጅ ነው። እጇ ሲወድቅ ጓሮውም ወደቀ።

ማፈር ነበረብኝ። ያፈርኩ ይመስለኛል፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ኅዳር 17

ሀሊሜ ከተረፈው ቆጮ ጋግራ ላከችልን። ጎመን ቀቀልኩ። ሸምሶ በላች። ላጎርሳት ስል እጄን ገፋችው፣ በግራዋ ራሷ በላች።

ኅዳር 29

ክንዷ ሃያ ሁለት።

ታኅሣሥ 8

ሀሊሜ አረቅጥ ልትሄድ ነው። ልጇ ወልዳለች፣ አራስ ልታርስ። ላሟንም ለሳሌሃ አደራ ሰጥታለች። በሩ ላይ ቆማ ትእዛዟን አወረደች።

"ቅጠሉ ሃያ ላይ ይቀየር። ለሳሌሃ ነግሬያታለሁ። ጥር ላይ ስመለስ ሁለቱን ትልልቅ እንሰት እንፍቅላችኋለን፣ አንተ ነቅለህ ጠብቀን።"

"እሺ።"

"እሺ ብቻ። ሰው ታመመ ብለው ሲነግሩህም እሺ፣ ዳነ ሲሉህም እሺ።"

እውነቷን ነው።

ታኅሣሥ 19

ሀሊሜም ከሄደች ማን ይጋግርላችኋል ብላ ሩፋይዳ መኪና አግኝታለች። ለቅዳሜ ሃያ ስድስት። "ለጊዜው ነው አባ፣ እማዬ እስክትጠነክር።" ለጊዜው ተብሎ ከቤት የወጣ ሽማግሌ ሲመለስ አላየሁም። ለሸምሶ ነገርኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ሰዓት አልገለጠችውም።

ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ጉድጓዱን ያበሰበሰ ሰው "ጓሮ አለን፣ አንሄድም" ይላል? በየት አፉ?

ታኅሣሥ 22

ሳሌሃ አልመጣችም። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ። ለለቅሶ ጥያ ሄዳለች፣ ሳምንት ትቆያለች አሉኝ። ላሟን ልጇ ያልባታል... ያውም ወንዱ ልጇ! ላሟ ምንም አላለችውም። እኔን ብቻ ነው የጠላችኝ።

ማታ ሸምሶ ግራ እጇን ወደ ጓሮው በር አነሳች።

"አውቄያለሁ" አልኳት።

ታኅሣሥ 23

ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ፣ እጄ አሁንም ይሸታል። ይሽተት።

ጠዋት የውጭውን በር ቀረቀርኩ። አዎ፣ ሰው እንዳያየኝ ነው። ሸምሶን ከነወንበሯ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጥኳት። ኮባ ቆረጥኩ። አንዱን አሳየኋት፣ ራሷን ነቀነቀች፣ እንቢ። ሌላ። እንቢ። ሦስተኛው ሰፊ ነበር፣ ዝም አለች። ላጥፈው ስል ተሰነጠቀ። በግራ እጇ ወደ ምድጃው አሳየችኝ። እሳት ላይ ለብለብ ሳደርገው እንደ ጨርቅ ለሰለሰ። ለካ እንዲህ ነው።

ድንጋዩን አነሳሁ። ወረድኩ። እጄን ከተትኩ።

ይቀዘቅዛል። ይከብዳል። ከላይ ጥቂት ብቻ ጠቁሮ ነበር፣ ገፍፌ ጣልኩት። የቀረውን በንጹሕ ኮባ ላይ እያወጣሁ ገላበጥኩ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። እሷ ይህን ስንት ጊዜ ሠራችው? እርጉዝ ሆና ሳይቀር ሠርታዋለች። እኔ ያን ጊዜ የት ነበርኩ... የሰው መሬት ስለካ።

አዲሱን ኮባ ማንጠፍ ጀመርኩ። ሸምሶ ድምፅ አሰማች። አስተካከልኩት። አሁንም ድምፅ። "ምን አጠፋሁ?" አልኳት። ቆጮውን ልመልስበት ስጎነበስ ከወንበሯ አዘንብላ እጄን መታችኝ። በጥፊ። ጣቷን ቅጠሉ ላይ ጫነች። ቀዳዳ አለው፣ ጥፍር የምታህል። በቀዳዳዋ በኩል አየር ሊገባ፣ እንደገና ሊበሰብስ!

እጄ አመመኝ። ከነሐሴ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ተከትሎት መጣ። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኬ አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቼ። እጄ በቆጮ ተለውሶ ዓይኔን መጥረግ አልቻልኩም። "ፈርቼ ነው ሸምሶ" አልኳት። "ትሞቺብኛለሽ ብዬ ነው።" አየችኝ፣ ጠበቀችኝ። ስጨርስ ጣቷን ወደ ቀዳዳው መለሰች። ሌላ ኮባ ደረብኩበት።

ከሰዓት በኋላ ለሩፋይዳ ደወልኩ።

"መኪናውን መልሺው።"

"አባ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል እኮ። ምን ልትበሉ ነው?"

"ቆጮ። ቅጠሉን ዛሬ ቀየርኩት።"

"ማን ቀየረው?"

"እኔ።"

በቀስታ "ጉድጓድ ገባህ?" አለች።

"ገባሁ።"

"እማዬ እያየችህ? ምን አለችህ?"

"መታችኝ።"

"በምኗ?"

"በግራ እጇ። አሁንም ይለበልበኛል።"

ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። ቅዳሜ በሚኒባስ ልትጠይቀን ትመጣለች፣ ለሦስት ቀን።